ሳትጠሩኝ አትዝለሉ

"አጎቴ እንዳትይው፤ ስንቴ ልንገርሽ" አለች የወንድሙ ሚስት ከችፑዱ ግድግዳ ማዶ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የነገርኩሽ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ይመጣል። እንደ ሌሎቹ ልጆች ኮች በይው።"

አሰልጣኙ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ሌላውን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። መንቀሳቀስ አልቻለም። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሲረግጡት ይጮኻል፣ እሷም ሰማኝ ትላለች። ሰማኝ ብላ የምትደነግጥ ሴት ደግሞ አይደለችም፤ የሚደነግጠው እሱ ነው። ስለዚህ የሰው ዕቃ ሲያነሳ እንደተያዘ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የልጅቷን መልስ ጠበቀ።

"አጎቴ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም ማን አለሽ? ቤት አጎትሽ ነው። ክበቡ ውስጥ ግን የዋና አሰልጣኝ ነው። አባትሽን ቢሮው ድረስ ሄዶ አባዬ የሚለው አለ?"

ልጅቷ ጥቂት አሰበችበት። "እኔ ብሄድ እለዋለሁ" አለች።

"አንገትሽን ቀና አድርጊ፤ ጸጉርሽ እያመለጠኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ የማበጠሪያው ድምፅና የልጅቷ ማቃሰት ብቻ ተሰማ። አሰልጣኙ ሁለተኛውን እግሩን ቀስ ብሎ አስገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ክፍሉ የልብስ መተኮሻ ክፍል ነው። ክፍል ብሎ መጥራትም ክብር መስጠት ነው እንጂ ከሳሎኑ ጀርባ በችፑድ የተቆረጠ፣ መስኮቱ ወደ ጓዳው የሚከፈት ጠባብ ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ሰንሰለቱ የወለቀ የልጅ ብስክሌትና የቴሌቪዥን ካርቶን ይኖሩበታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋና እሱ ከተወለደባት ትንሽ ከተማ ለክረምቱ ሥራ ሲመጣ ጠረጴዛው ይወጣና ታጣፊ አልጋ ይገባል። ካርቶኑና ብስክሌቱ ግን አይነኩም፤ እነሱ ቋሚ ናቸው። ከራስጌው በላይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ፣ የታናሽ ወንድሙ ሸሚዞች በየመስቀያቸው ይንጠለጠላሉ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል፤ አንዳንዴም አንዱ እጅጌ ወርዶ ግንባሩን ይዳብሰዋል። በወንድሙ ቤት እንግዳ ሆኖ ያላደረ ሰው "ምን ጎደለው፣ አልጋ አለው፣ ይበላል፣ ይጠጣል" ይላል። ይበል። እሱ ግን ያ እጅጌ ሲነካው የወንድሙ እጅ ትከሻው ላይ ያረፈበት ቀን መቼ እንደነበር ለማስታወስ ይሞክራል፤ አይመጣለትም። አንድ ቀን ሸሚዙን ሳብ አድርጎ አሽትቶታል። ሳሙናና የካውያ ሙቀት ይሸታል እንጂ ሰው ሰው አይልም።

አሁን ግን ያሰበው ስለ ሸሚዝ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ያልገባው ነገር በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ ገብቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ልጆቹን ጥልቁ ውሃ ውስጥ ሲያዘልል የራሱ ደንብ አለው። እሱ ውሃውን በእግሩ እየረገጠ መሃል ላይ ይጠብቃል፤ ልጁ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ካልጠራው ክንዱን አይዘረጋም። "ሳትጠሩኝ አትዝለሉ" ነው የሚላቸው። የሚጮህ ሰው ትንፋሽ ያወጣል እንጂ አያስገባም፣ ስለዚህ ውሃው በአፍንጫው ሽቅብ አይወጣም። ደግሞ ፍርሃት ቀድሞ የሚይዘው ጉሮሮን ነው። መጥራት የቻለ ልጅ መዝለል ይችላል፤ መጥራት ያቃተው ግን እግሩ ቢዘልም ልቡ ጠርዙ ላይ ይቀራል። የወንድሙ ልጅ፣ እሱ "ጠብታ" ብሎ የሚጠራት፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ከሁሉም ልጆች በላይ ትዋኛለች። ጥልቁ ጋ ስትደርስ ግን ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ትቆማለች። ዓይንሽን ጨፍኚ አላት፤ ብስኩት እገዛልሻለሁ አላት፤ አልሆነም። ፈሪ ናት ብሎ ተስፋ ቆርጦባት ነበር። ለካ አልፈራችም። አጎቴ እንዳትል እናቷ ከልክላታለች፤ ኮች እንዳትል ደግሞ የገዛ ልቧ እምቢ ብሏታል። ልጅ ናትና መሃል መንገድ አላገኘችም፤ አፏን ዘግታ ቆመች።

ሊያዝንላት ሲገባው ደስ አለው። በዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ የታጠበና የተተኮሰ ዕቃ መሃል፣ አንዲት ፍጥረት እሱን ላለመካድ ስትል እዚያ ጠርዝ ላይ ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዛሬ መዝጊያ ቀን ነው፤ ወላጆች ወንበር ተደርድሮላቸው ያያሉ። ያልዘለለች እሷ ብቻ ከሆነች ልጆቹ ይስቁባታል፣ እናቷም ማታ አታስተኛትም። ስለዚህ ለብቻዋ ያዝ ያደርጋትና "ግድ የለም፣ ኮች በይኝ" ይላታል፤ በቃ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነው። ቀላል ነው ቢልም ግን አልቀለለውም። ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው ሌላ ነበር። የሚፈልገው አንድ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ከዚያ ጠርዝ ላይ "አጎቴ" ብላ ስትዘል መስማት ነው፤ አባቷም እዚያው ቆሞ እንዲሰማ። ከዚህ ሌላ የሚመኘው አልነበረም።

ቁርስ ላይ ዳቦ፣ እንቁላልና ሻይ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ እያነበበ ይበላል። ድሮ፣ ልጅ ሳሉ፣ ይሄ ሰው ያለ "ጋሼ" አፉን አይፈታም ነበር። ጋሼ ጫማዬን፣ ጋሼ ቆይ፣ ጋሼ አየኸኝ። ባንክ ገብቶ ሹመት ካገኘ ወዲህ የሚጠራበት ስም ጠፍቶበታል። ሲፈልገው ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጀመሪያ አካባቢ አሰልጣኙ ጉንፋን መስሎት ነበር፤ ኋላ ገባው።

ታናሹ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዛሬ ነው አይደል?"

"ዛሬ ነው። ከምሳ በኋላ።"

"ስብሰባ ካልያዘኝ ብቅ እላለሁ። አለቃዬም የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ይመጣሉ መሰለኝ።"

"መሰለኝ ምን ያስፈልጋል፣ ይመጣሉ" አለች ሚስትየው። "ባለቤታቸው ደውለውልኛል፤ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው።" ወደ አሰልጣኙ ዞረች። "እርስዎም እባክዎ፣ ልጅቷ ዛሬ ካልዘለለች የት እገባለሁ። ያን ሁሉ ከፍለን።"

እርስዎ ነው የምትለው። ሰው የሚያከብርበት አንቱታ አለ፣ ሰው የሚያርቅበት አንቱታ አለ፤ የእሷ እንደ አጥር ነው፣ በየዓመቱ አንድ ድንጋይ ትጨምርበታለች።

"ትዘላለች" አለ አሰልጣኙ።

"ማን ዋስ ሆነልዎ?"

ሻዩን ጠጣ። ልጅቷ በሁለት እጇ የያዘችውን ኩባያ ሳታወርድ በጠርዙ በኩል አየችው። ታናሹ ስልኩን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ከዚያ ማንኪያ ብቻ ነበር የሚሰማው። የተጣላ ሰው ዝምታ አንድ ቀን ይፈርሳል፤ ያልተጣሉ ዘመዶች ዝምታ ነው መላ የሌለው፣ ከየት በኩል እንደሚጀመር አይታወቅም።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ጫማዋን ስታስር አገኛትና ጎንበስ አለ። "ጠብታ፣ ስሚኝማ፤ ዛሬ እዚያ ስትደርሺ" ብሎ ሳይጨርስ የእናትየው ኮቴ መጣ። "እርስዎ አልሄዱም እንዴ? ቀድመው ገብተው አያዘጋጁም?" አለች የመኪና ቁልፏን እያሽከረከረች። መኪናው ውስጥ የኋላ ወንበር ባዶ ነው፤ ክረምቱን ሙሉም ባዶ ነበር፤ አንድ ቀን ቦርሳዋን ከዚያ ስታነሳለት አልታየችም። እሱም ግቡ ሳይባል አይገባም። ታክሲ ተራ ተሰልፎ፣ ሰው ላይ ሰው ተደርቦበት፣ ጉልበቱን ከጥርሱ አጋጥሞ ሄደ። መብራቱ ላይ ቆመው ሳለ ነጩ መኪና በጎናቸው መጣ። ልጅቷ በመስኮቱ አየችውና መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። አሰልጣኙ እጁን ሊያነሳ ሞከረ፤ ግራ እጁ በአንዲት ወፍራም ሴትዮ ዘንቢል ተይዟል፣ ቀኙ ደግሞ ሒሳብ ጨብጧል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና መኪናው ሄደ።

የክበቡ በር ላይ ዘበኛው ብርቱካናማውን መታወቂያውን አየለት። የቋሚዎቹ ሰማያዊ ነው፤ የእሱ ላይ "ጊዜያዊ" የሚል ቃል፣ ለጎረቤት እንዲነበብ ይመስል፣ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ተጽፎበታል። እዚህ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ "ክረምቱ" ነው የሚሉት። ሲመጣ ክረምቱ ገባ፣ ሲሄድ ክረምቱ ወጣ ይባላል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

"ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ሰማዩም አውቆ ሊጠራ ነው" አለ ዘበኛው።

"እኔ ስሄድ ፀሐይ ይወጣላችኋል፤ ምቀኞች።"

"ስማ፣ ያቺ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ልጅ አሁን ገባች። አፍንጫዋ ቁርጥ አንተን እኮ ነው። ዘመድህ ናት?"

"ውሃ የበዛበት አፍንጫ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።"

"ኧረ ባክህ፣ የምሬን ነው።"

"እዚህ ዘመድ ቢኖረኝ ካንተ ጋር ደረቅ ዳቦ እካፈል ነበር?"

ዘበኛው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አሰልጣኙም ሳቀና አለፈ፤ ፓምፑ ክፍል ደርሶ ልብሱን ሚስማሩ ላይ ሲሰቅል ግን አፉ መረረው። ሳጥን የሚሰጠው ለቋሚዎች ስለሆነ ልብሱን የሚሰቅለው ፓምፑ ጀርባ ነው፤ ማታ ሲወጣ ሸሚዙ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። እሱ የለመደው ነው። ያልለመደው ሌላው ነበር። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ያልካደችውን፣ እሱ በር ላይ፣ ለዘበኛ ሳቅ ሲል፣ በአንድ ቀልድ ካደ።

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያውን እየሞከረ መጣ። በየዓመቱ መዝጊያ ቀን ላይ "አንተን ቋሚ ማድረግ አለብን፤ ለከርሞ እናያለን" የሚል ሰው ነው። አሰልጣኙ ይህን ከርሞ ጠብቆ ጠብቆ ጸጉሩ ሸብቷል። በጋውን በትውልድ ከተማው የሰው ግድግዳ እየቀባ፣ ሰማዩ መክበድ ሲጀምር ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነክሮ ያስቀምጥና ልብሱን ያጥፋል፤ ዘንድሮ ምናልባት ይላል። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ከርሞንም አላነሳም። "ሁሉም ልጅ ይዘላል" አለ። "አንድም የሚቀር እንዳይኖር። ሰው የከፈለው ለዚች ቀን ነው። ያቺ ከንፈሯን የምትነክሰዋ እንዴት ናት?"

"ትዘላለች።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ" አለና ድምፅ ማጉያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ከምሳ በኋላ ወንበሮቹ ሞሉ። ክበቡ ውሃውን ያሞቃል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ከገንዳው ላይ እንፋሎት በስሱ ይነሳ ነበር። ፀሐይ በሌለበት ጥቁር መነጽር ያደረጉ እናቶች ጭማቂ ይጠጣሉ። በአንዱ ብርጭቆ ዋጋ አሰልጣኙ ከቤት ክበብ ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ይመላለሳል፤ እነሱ ግማሹን ጠጥተው ዝንብ ገባበት ይሉታል። የወንድሙ ሚስት ከአለቃው ባለቤት አጠገብ ተቀምጣ እግሯን አነባብራ ትስቃለች። እሱ ልጆቹን በመስመር አቁሞ ሲያዘጋጅ ሁለት ጊዜ በጠብታ አጠገብ አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ "ኮች በይኝ" ሊላት አፉን ከፈተ። አንዱን ጊዜ አንድ ልጅ ኮፍያዬ ጠበበኝ አለው፤ ሌላውን ጊዜ ማንም ምንም አላለውም። ዝም ብሎ አለፋት። እውነቱ ይሄ ነው፤ አፉ እሺ አላለውም።

ልጆቹ በጀርባቸው ተንሳፈፉ፣ በእግራቸው ውሃ እየመቱ ሄደው ተመለሱ፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ አሰልጣኙ ወደ ጥልቁ ገባና እግሩን እየረገጠ መሃል ላይ ቆመ። "ሳትጠሩኝ አትዝለሉ" አለ። አንድ በአንድ መጡ። "ኮች" እያሉ ዘለሉ፤ አንዳንዱ "ቲቸር" አለ። የአለቃው የልጅ ልጅ ደንግጦ "እማዬ" ብሎ ጮኸና ዘለለ፤ እናትየው ከነጫማዋ እስከ ጠርዙ ሮጠች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። "ጠርተሃል፤ ይቆጠርልሃል" ብሎ አሰልጣኙ ብድግ አድርጎ አወጣው።

መጨረሻ ላይ ጠብታ ቀረች። ቀይ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ የእግር ጣቶቿን ጠርዙ ላይ አቆላልፋ፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ቆመች። ጊዜው ረዘመ። ጭብጨባው አለቀ። የማጣሪያው ፓምፕ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ዝለይ እንጂ የኔ ቆንጆ" አለች እናትየው፣ ሰው ፊት በምታወጣው ድምፅ።

"ፈርታለች፣ አንጀቴን በላችው" አሉ የአለቃው ባለቤት።

"ኧረ ቤት እንዲህ አይደለችም" አለች እናትየው። ሳቋ ግማሹ ላይ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ነው አሰልጣኙ ወንድሙን ያየው። ከአለቃው ጋር በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ እየመጣ ነበር። ልጁን ጠርዙ ላይ አየ፤ ውሃው ውስጥ ክንዱን ሰብስቦ የሚጠብቀውን ሰው አየ፤ ቆመ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተላወሰ። እና እሱም ሳያስበው ይመስላል፣ ከአፉ ወጣ።

"ጥሪው። ሳትጠሪው አይቀበልሽም።"

የአሰልጣኙ ልብ ዘለለ። አልረሳውም ማለት ነው። ከከተማቸው በታች ወንዙ የሚጠራቀምበት ጋ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ይሄ አሁን ከረባት ያሰረው ሰው በዚያ ድንጋይ ላይ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ "ጋሼ" እያለ ገደሉ እስኪያስተጋባ ይጮህ ነበር። ውሃው ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ደንቡ የተወለደው እዚያ ነው።

"አንተ እንዴት አወቅህ?" አሉ አለቃው።

"ያው ልጅቷ ነግራኝ ነው" አለ ታናሹ።

ጠብታ ዞረች። አባቷን አየችው። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። "ምን ብዬ ልጥራው?"

ይሄን የመሰለ ጥያቄ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ጉልበት ይጠይቃል። ታናሹ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጭማቂዋን አየች። አለቃውን አየ፤ አለቃው ምንም ያልገባቸው መሆናቸው ከፊታቸው ይታያል፣ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ውሃውን አየ። ውሃው ውስጥ ያለውን ሰው አላየም፤ ከሰውየው ጥቂት ፈንጠር ብሎ ያለውን ባዶ ውሃ ነበር ያየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ምን ትይዋለሽ ሌላ፣ እንደ ልጆቹ ነዋ። ኮች በይው።"

አሰልጣኙ እግሩን መርገጥ የረሳ ይመስል እስከ አገጩ ድረስ ሰመጠ፤ ተመልሶ ወጣ። ልጅቷ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። አሁን የምታየው እሱን ብቻ ነው። እናቷም አባቷም ፈርደውባታል፤ የቀረችው አንዲት ቃል የእሱ ነች። ኮች በይኝ ቢላት ትለዋለች፤ እሱ ካላት ምንም አይደል ብላ ታምነዋለች። ከዛሬ በኋላ ግን ኮች ይሆናል፤ ቤትም፣ ከርሞም፣ ትልቅ ሴት ስትሆንም። ዝም ካላት ደግሞ እዚያው ቆማ ታለቅሳለች፤ እሱ ስሙን ለመስማት ሲል። ልጅ አስቁሞ ከልጅ ላይ የሚለቅም ምን ዓይነት የተራበ ሰው ነው አለ ለራሱ።

ሳትጠራው ሁለት ክንዱን ዘረጋ።

"ጠብታ፣ አፍንጫሽን ያዢና ነይ" አለ። "ዛሬ መጥራት ቀርቷል።"

ልጅቷ ለአፍታ አላመነችውም። ከዚያ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ዘለለች። ውሃው ተከፈለ። ከስር ቀለባት፣ ይዟት ወጣ። ጭብጨባው ከሁሉም በላይ ለሷ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ "አፍንጫ ምን ያስይዛል" ብሎ በድምፅ ማጉያው ሳይሆን በራሱ አፍ አጉረመረመ። እሷ አንገቱን ጥምጥም አድርጋ ይዛ፣ እያሳላት፣ ቀዝቃዛ ከንፈሯን ጆሮው ላይ ለጠፈች።

"ኮች አላልኩህም እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ፣ ጠብታዬ።"

"አንድም ቀን።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ ፎቶ ሆነ። የወንድሙ ሚስት ስልኳን ይዛ መጣችና፣ "ኮች፣ እባክዎ ያንሱን" አለች፤ ቃሉ እንዳይከብዳት ፈጠን አድርጋ። እሱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀበለ። ጣቱ እርጥብ ስለነበር ስልኩ አልታዘዝ አለው፤ ፎጣው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ። መስታወቱ ውስጥ ሦስቱ ቆመው አያቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ አባት። አባትየው ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ያያል፤ ወደ ካሜራው ማየት ደግሞ ወደ እሱ ማየት ነው። ከመጣ ጀምሮ ወንድሙ ዓይኑን እንዲህ ሳይሰብር አይቶት አያውቅም። አሰልጣኙ ሳይጫን ቆየ። "አልተነሳም እንዴ?" አለች ሚስትየው። "ተነሳ" አለና ተጫነ።

ሰዉ ወጣ። ጭማቂ የቀረባቸው ብርጭቆዎች ወንበሮቹ ስር ቀሩ። አሰልጣኙ የመስመር ገመዶቹን ሊፈታ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ይሄም የእሱ ሥራ ነው፣ ከዚያ መታወቂያውን በር ላይ ይመልሳል። ነገ ማለዳ መኪና ተራ ነው። የመተኮሻ ጠረጴዛው ወደ ቦታው ይገባል። የመጨረሻውን ገመድ ይዞ ጥልቁ መሃል ላይ ሳለ የጫማ ድምፅ ሰማ። ታናሹ ነበር፤ ኮቱን ክንዱ ላይ አድርጎ።

"የልጅቷ የዋና መነጽር ቀርቶ" አለ።

"እዚያ፣ መሰላሉ ጋ።"

ታናሹ ወደ መሰላሉ አየ፤ አልሄደም። ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለ። ግራ ቀኙን ተመለከተና እጁን እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ነከረ፤ ሰዓቱን ማውለቁን ረስቶ። "ይቀዘቅዛል?"

"ሲቆዩበት አይቀዘቅዝም።"

"ነገ በጠዋት ነህ አይደል።"

"በጠዋት ነኝ።"

"ቁርስ በልተህ ሂድ።"

"እሺ።"

የማጣሪያው ፓምፕ ቆሞ ስለነበር ውሃው ጠርዙን ሲልስ ይሰማል።

"ያ ድንጋይ አለ?" አለ ታናሹ።

"ጥቁሩ?"

"ጥቁሩ።"

"አለ። ወንዙ ነው የሸሸው። አሁን ክረምት ካልሆነ ውሃው እሱ ጋ አይደርስም።"

ታናሹ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከውሃው አወጣና የሚንጠባጠበውን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። አሰልጣኙ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ወሬ እንጂ ስም እንዳልሆነ ያውቃል። አሁን ግን ጠርጎ ወሬ አላስከተለም። ከንፈሩ ተከፈተ። ከረባቱ በላይ ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። አሰልጣኙ ገመዱን ለቀቀው። እግሩን ቀስ አድርጎ፣ ውሃውን እንዳይረብሽ አድርጎ እየረገጠ ጠበቀ።

ከአጥሩ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አንዴ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ረዘም አድርጎ።

ታናሹ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። "በል እሺ" አለ። በል እሺ ከሚለው ቀጥሎ አንዲት ቃል የምትቀመጥበት ቦታ አለች፤ ሁለቱም ቦታዋን ያውቋታል። ታናሹ ባዶ ቦታዋን ትቶላት ኮቱን እየለበሰ ሄደ። የልጅቷ መነጽር መሰላሉ ጋ እንዳለ ነበር።

አሰልጣኙ የበሩ ድምፅ እስኪሰማ ጠበቀ። ከዚያ ገመዱን ሊይዝ ሲል እጆቹን አጣቸው። ወደ ታች አየ። ሁለቱም ክንዶቹ ውሃው ስር ወደ ጠርዙ እንደተዘረጉ ነበሩ።